መስፈሪያዋን ማን አቃናት?

ኢንስፔክተሩ ልጅ ሳለ፣ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሰማው ወሬ ነበር። አባቱና አንድ እንግዳ ሰው ይከራከራሉ።

«ለደግ ብሎ እኮ ነው!» ይላል አንደኛው ድምፅ።

«ደግነቱን ይዞ ቤቱ ይቀመጥ! የሞተው እንደሆነ ሞቷል።»

«ታዲያ ሰው የሚጠየቀው ባሰበው ነው ወይስ በሆነው?»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባውም። ስለ አንድ ጉድጓድ ይመስለዋል፤ ክዳኑን ስላነሳ ወይም ስላልመለሰ ሰው። ከዚያ እናቱ የሆነ አጭር ነገር ተናገረች፤ ሁለቱም ወንዶች ጸጥ አሉ። ምን እንዳለች ግን ጠጉሩ እስኪሸብት ቢያስብ ሊመጣለት አልቻለም። ትኩሳቱ ይዞት ሄዷል። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ለምን መርማሪ ሆንክ?» ሲሉት «ግድግዳ ማዳመጥ ልማዴ ስለሆነ» እያለ ያሥቃቸዋል።

ሰኞ ጠዋት የተጠራበት ቤት አሳንሰሩ የተበላሸ ሕንፃ ላይ ነበር። ሳጅኗ ቀድማው ወጥታ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አለቃ፣ ትንፋሽዎን ሰብስበው ይግቡ። ሟቹ የትኛው ነው እንዳይባል።»

«አንቺ ደግሞ ምላስሽን ሰብስቢ» ብሏት ገባ።

ሟቿ አልጋቸው ላይ ናቸው። ሰፈሩ «ስልከኛዋ» ነው የሚላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርተው፣ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ሕመሙ ከጣላቸው ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። አንሶላው የተወጠረ፣ ጠጉራቸው የተበጠረ ነው። ፊታቸው ላይ ሥቃይ አይታይም። ብቻ አንገታቸው ወደ በሩ ዘንበል ብሏል፤ የሚመጣ ሰው ኮቴ የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

በግራቸው በኩል ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ጠረጴዛዋ ላይ ትሪ፣ ትሪው ላይ የሕመም ማስታገሻ ጠርሙስ፣ የከረሜላ ቆርቆሮና አንዲት የፕላስቲክ የመድኃኒት መስፈሪያ። መስፈሪያዋ አፏን ወደ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ማስታገሻው ነው» አለ። «ከታዘዘላቸው በላይ፣ በጣም በላይ ወስደዋል። አንድ ጊዜ ተሳስቶ እዚህ አይደረስም። ትናንት ሲመሻሽ እንቅልፍ ወስዷቸው በዚያው ቀርተዋል።»

«ራሳቸው ቀድተውስ እንደሆነ?»

«ክዳኑን ይሞክሩት። ልጅ እንዳይከፍተው ተብሎ ነው የተሠራ፤ በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ተጭነው ካላዞሩት አይከፈትም። የእሳቸው ቀኝ እጅ ከደከመ ቆይቷል። መስፈሪያ ማንሳት ይችላሉ፤ ጠርሙስ መክፈት አይሆንላቸውም።»

«ስለዚህ ሰው ነው የሰጣቸው።»

«ሰው ነው።»

ሬሳውን ያገኘችው አስታማሚያቸው ናት፤ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨምድዳ ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆመች ሴት። ትናንት የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ቀትር ላይ ወጥታ፣ የተመለሰችው ዛሬ ጠዋት ነው። ኢንስፔክተሩ ገና አፉን ሳይከፍት የሟቿ ትልቅ ልጅ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ ደረሰች። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት።

«እሷ ናት!» አለች በጣቷ እያመለከተች። «መድኃኒቱን የምትይዘው እሷ! የምትሰጠው እሷ! እናታችንን አምነን የሰጠናት ለእሷ!»

ኢንስፔክተሩ ወደ አስታማሚዋ ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች አስታማሚዋ። ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች።

*

ፖሊስ ጣቢያ ሻይ ቀረበላት፤ አልነካችውም። ኢንስፔክተሩ አልቸኮለም። ሰው ዝም ሲል ዝምታውንም ማዳመጥ ይወዳል።

«ትናንት መድኃኒት ሰጥተዋቸዋል?»

«ቀትር ላይ፣ የሚገባቸውን ያህል። ከዚያ መስፈሪያዋን ደፍቻት ወጣሁ።»

«ደፍቻት ማለት?»

«የቤታችን ሥርዓት ነው። ልጆቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ በአንድ ሰዓትም አይመጡም። አንዱ የሰጠውን ሌላው እንዳይደግም ብዬ እኔ ነኝ ያመጣሁት። መድኃኒት ከተሰጣቸው መስፈሪያዋ ትደፋለች። የሚቀጥለው ሰዓት ሲደርስ ትቃናለች። ዓይን ያለው ሁሉ ያያል።»

«ዛሬ ጠዋት ግን ቆማ ነው ያገኘናት።»

አስታማሚዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ትናንት ቀትር ላይ የት ሄዱ?»

«እህቴ ታማለች። ከተማው ዳር ነው የምትኖረው። ሳይመሽ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና አውቶቡሱ ቆመ። ለትንሹ ልጅ ደውዬ “እማማን እያቸው፤ መድኃኒቱን ወስደዋል” አልኩት።»

ሳጅኗ አጣራች። የእህትየዋ ጎረቤቶች አይተዋታል፤ አብራቸው ራት በልታለች፤ አውቶቡሱም እውነት ቆሟል።

«ታዲያ ምኑን ነው ያጠፉት?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«የእኔ ነው ካልኩ እርስዎን ምን አስጨነቀዎት?»

ዓቃቤ ሕጉን ግን ያስጨነቀው ነገር አልነበረም። «ቀትር ላይ ደራርባ አጠጥታቸው ብትሄድስ?» አለ በስልክ። «ጥፋቴ ነው ብላለች። ዐርብ ክስ እመሠርታለሁ። ሌላ ሰው ካለህ እስከዚያ አምጣ።»

*

በኮሪደሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው።

«እኔ የሰው ቤት አላዳምጥም» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «ግድግዳው ነው የሚናገር። ቅዳሜ ዕለት ግን ጮኹ። ስልከኛዋ “ገደልሽኝ!” ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ።»

«አስታማሚዋስ?»

«እያለቀሰች ነበር። “ከእንግዲህ አልዋሽም፤ በፈጣሪ ፊት አልችልም” ትላለች። ከዚያ ምን ሆነ መሰልዎት? ስልከኛዋ ሣቁ። ሣቅ! እኔ ሚስቴን አርባ ዓመት ስጣላት አንድ ቀን ሥቃ አታውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ደረጃውን ሲወርድ ሁለቱን ቃላት እያገላበጠ ነበር። ገደልሽኝ። አልዋሽም። ማን ምን ዋሸ?

ታች ሳጅኗ ከአልጋው የተገፈፈውን ጨርቅ በማስረጃ ከረጢት እያሸገች ጠበቀችው። «አለቃ፣ ትራስ ልብሱ ውስጥ ይሄ ነበር» ብላ መዳፏን ዘረጋች።

ሦስት የከረሜላ ወረቀቶች ናቸው። አንዱ አራት ማዕዘን ሆኖ ጠርዝ በጠርዝ ታጥፏል። ሁለተኛው መሐሉ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ተቋጥሯል። ሦስተኛው እንደ ክር ተጠቅልሏል።

ወረቀቶቹን ለአስታማሚዋ ሲያሳያት ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠች።

«ከረሜላ መቼ ነው የሚበሉት?»

«ስኳር ተከልክለዋል። መድኃኒቱ መራራ ስለሆነ ከሱ በኋላ ብቻ፣ አንድ ነው የሚፈቀድላቸው።»

«እነዚህ የትናንት ናቸው?»

ወረቀቶቹን ወደ እሱ ገፋቻቸው። ውሸት ማውራት ግን የሆነላት አይመስልም። «ትራስ ልብሱን የለወጥኩት ትናንት ጠዋት ነው» አለች በመጨረሻ።

«አንዱ የእርስዎ ይሆን? የቀትሩ?»

«የእኔን ወረቀት እጥለዋለሁ። እማማ የእኔን አያስቀምጡም።» ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ጌታዬ፣ እባክዎ ይጣሉት ይሄን ነገር። እኔን ይክሰሱኝ።»

*

ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ነገር በየቦታው ነው። መጋረጃው እኩል ተከፍሏል፤ እርሳሶቹ አንድ ቁመት አላቸው።

«ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነበር» አለች። «ተቀመጥኩ፣ አነጋገርኳት፣ ወጣሁ። መድኃኒት አልሰጠሁም።»

«መስፈሪያዋ እንዴት ነበረች?»

«ተደፍታ።»

«ሲገቡ?»

«ስገባም ስወጣም።» ፈጠን ብላ ነው የመለሰችው። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ለልጆች ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ሰው ሁሉ ቢያደርገው ዓለም የማትቆምበትን ነገር አንተም አታድርገው ነው የምላቸው። ውሸት ውሸት ነው። ለጥሩም ይሁን ለመጥፎ።»

«ጥሩ ትምህርት ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ… አንድ ጊዜ በላይ ቢሰጣት ይገድላታል?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ።» ጠረጴዛዋ ላይ የነበረች ቁራጭ ወረቀት አንስታ አጠፈች፤ እንደገና አጠፈች፤ ጠርዟን በጥፍሯ ዳጠች። ቀና ስትል ኢንስፔክተሩ እጇን ሲያይ አገኘችው። ወረቀቷን ወደ ኪሷ ከተተች።

መካከለኛው ልጅ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። መናኸሪያው ውስጥ ጭነት ሲያስር አገኙት። ገመዱን ስቦ፣ አጥብቆ፣ ቋጥሮ ሲጨርስ ነው የዞረው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አልሰጠሁም» አለ፤ ጥያቄውን ሳይሰማ።

«ትናንት ሄደህ ነበር?»

«ሄጄ ነበር። አየኋት፤ ወጣሁ።»

«እናትህ ምን አሉህ?»

«የእናትና የልጅ ነገር ነው።»

«ወንድሜ፣ አንዲት ሴት ታስራለች።»

ሾፌሩ የገመዱን ጫፍ እንደገና አጠበቀው፤ መጥበቅ የሚፈልግ ባይሆንም። «ለእማዬ ቃል ገብቻለሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም። ብትፈልጉ እኔንም እሰሩኝ።»

ሳጅኗ በመኪናው ውስጥ «ይሄ ሰው ወይ ገዳይ ነው ወይ ጅል» አለች።

«ወይ ልጅ» አለ ኢንስፔክተሩ።

*

ትንሹ ልጅ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ውስጥ ማንም የለም፤ ቢሆንም መስተዋቱን ይወለውላል። በደህና ቀን ወሬ የማያልቅበት ሰው እንደሆነ ያስታውቃል።

«ቁጭ ይበሉ፣ ኢንስፔክተር። ወንበሩ አይናከስም። ጠጉርዎን ማን ነው የቆረጠው? ይሄማ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።» ሊሥቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ለደንበኛ አንገት የሚያስረውን ስስ ወረቀት ቀዶ በጣቶቹ መሐል ይጠቀልል ጀመር፤ ቀጭን፣ እንደ ክር።

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ ሦስተኛዋን የከረሜላ ወረቀት አውጥቶ ከጎኗ አስቀመጣት።

ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱን እየተመለከተ እንባው ወረደ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አስታማሚዋ ደውላ ወስደዋል ብላኝ ነበር። ስገባ ግን መስፈሪያዋ ቆማለች። እማዬ “ረስታኝ ነው የሄደችው፤ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ስትሮጥ” አለችኝ። “ለእህትና ወንድምህ እንዳትናገር፤ ከሰሙ ያባርሯታል፤ ማልልኝ” አለች። ማልኩላት። ቀዳሁላት። ከረሜላዋን አጎረስኳት። እጄን ይዛ ስለ ድሮ ማዞሪያ ቤት እያወራች እንቅልፍ ወሰዳት። ጠጉሯን አበጠርኩላት፤ መስፈሪያዋን ደፋሁና ወጣሁ።»

«ደፋሃት?»

«ደፋኋት።»

«ከዚያ በፊትስ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?»

«ብዙ ጊዜ! ሁሌ ረስታኛለች ትላለች። እሰጣታለሁ፤ ነቅታ እንደ ልጅ ትጫወታለች። ምንም ሆና አታውቅም። እኔኮ ሰውን የሚያስደስት፣ ማንንም የማይጎዳ ነገር ክፉ ነው ብዬ አላምንም። መልከ ጥፉውን “አማረብህ” ብዬ ነው የምሸኘው። ማን ተጎዳ?» ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። «አሁን እናቴን ገደልኳት፤ በእጄ። አስታማሚዋም ወስደዋል ብላኝ እያለ።»

ኢንስፔክተሩ እጁን ትከሻው ላይ አኖረ። አንድ ነገር ግን እየቆረቆረው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ምንም ያላደረጋቸው መድኃኒት፣ እሁድ እንዴት ገደላቸው?

*

«ለእኔ ግልጽ ነው» አለች ሳጅኗ መሪውን ይዛ። «ወንጀል ማለት የሆነው ነው። ሰው ሞተ ወይ? ሞተ። ማን ሰጠ? ሦስቱ ልጆች። አለቀ።»

«እያንዳንዱ የሰጠው አንድ ሰው ለታመመች እናቱ የሚሰጠውን ነው።»

«ሲደመርስ?»

«የደመረው ማነው?»

 ቀይ መብራት ያዛቸው። «መስፈሪያዋን እየመለሱ ያቃኑት ራሳቸው ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «በደህናው እጃቸው። እያንዳንዱ ሲወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከወጣ በኋላ እንኳ አንድ ጊዜ ነቅተው አቃንተዋታል ማለት ነው፤ ጠዋት ቆማ ነው ያገኘናት።» ድምፅዋ ለወትሮው የማይሰማባት ልስላሴ ነበረበት። «ማንን ሊጠብቁ?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ልጆች በአንድ ክፍል አስቀመጣቸው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡ ዓመታት አልፈዋል። ሕመሙ እናታቸውን ሲጥላቸው ማን ወደ ቤቱ ይውሰዳቸው በሚለው ተጣልተው ነው የተለያዩት፤ እያንዳንዱ ሌላው ይውሰዳት አለ፣ መጨረሻ ላይ አስታማሚ ተቀጠረ። አሁን አንዱ መስኮቱን ያያል፣ አንዷ ጫማዋን፣ አንዱ ግድግዳውን።

ኢንስፔክተሩ ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የታጠፈውን። የተቋጠረውን። የተጠቀለለውን።

«እናታችሁ ትራሳቸው ውስጥ አስቀምጠዋቸው ነበር» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

መጀመሪያ የገባው ለርዕሰ መምህርቷ ነው። የወንድሞቿን ወረቀት አየች፤ ፊታቸውን አየች። «አንተም?» አለች ትንሹን። «አንተም ሰጥተሃታል?»

«ብቻዬን የገደልኳት መስሎኝ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እኔም» አለች። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ረስታኛለች አለችኝ። አስማለችኝ። ሰኞ ጠዋት ያቺን ምስኪን “እሷ ናት” ብዬ የጮኽኩት… እሷ ካልሆነች እኔ ነኝ ማለት ስለነበረ ነው። ጻፉ። እፈርማለሁ።»

ሁሉም ወደ ሾፌሩ ዞሩ። የተቋጠረችውን ወረቀት እያየ ነበር።

«አንተስ?» አለው ወንድሙ።

«ምያለሁ።»

«እኛም ምለን ነበር እኮ!»

«የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ።» ተነሣ። «ወረቀት ወረቀት ነው። ማንም ሊቋጥረው ይችላል።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ኮሪደሩ ተከተለው። «ስማኝ። ሁለት ሰው አምኗል። ሐኪሙ ያገኘው ግን ከቀትሩ ሌላ የሦስት ጊዜ መጠን ነው። ሦስተኛው ካልተናገረ ዓቃቤ ሕጉ ሦስተኛዋ አስታማሚዋ ናት ይላል። ጥፋቴ ነው ብላ ቃሏን ሰጥታለች። ነገ ዐርብ ነው።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ መንገደኛ ነኝ። እማዬን ዕድሜዋን ሙሉ “እመጣለሁ” እያልኩ ቀርቻለሁ። ለልደቷ እመጣለሁ፣ ለቀዶ ጥገናዋ እመጣለሁ። ስልኩ ሥር ቁጭ ብላ ጠብቃኛለች። ያልሰበርኩባት ቃል ቢኖር ይሄ አንድ ነው። ይሄንንም ልስበርባት?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አመለከተ።  «ና፤ አንድ ሰው ላሳይህ» አለው ብቻ።

*

አስታማሚዋ የተቀመጠችበት ክፍል አንዲት አግዳሚ ወንበርና ከፍ ያለች መስኮት አላት። ሾፌሩን ስታይ ብድግ አለች።

«ልጄ! አንተን ምን አመጣህ? ከስተሃል። በልተሃል ዛሬ?»

ሾፌሩ ጥያቄዋን አለፈው። «እትዬ፣ ለምን ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ? አልነበሩም እኮ።»

አስታማሚዋ ኢንስፔክተሩን ተመለከተች። ኢንስፔክተሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሳጅኗም በሩ ሥር ቆመች።

«እህቱና ወንድሙ ተናግረዋል» አለ። «የሚደበቅላቸው ነገር የለም። አንድ ያልገባኝ አለ። እነዚህ ልጆች ከዚህ በፊትም ደጋግመው ሰጥተዋቸዋል። ያን ጊዜ ለምን ምንም አልሆኑም?»

አስታማሚዋ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«መድኃኒት አልነበረማ» አለች። «እማማ መስፈሪያዋን እንደሚያቃኑ ከደረስኩበት ቆይቷል። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው እምቢ አሉ። “መድኃኒት ካልሆነ ማን ሊቀመጥልኝ ነው? ገብተው ደህና ነሽ ብለው ይወጣሉ። መድኃኒት ከሆነ ግን ይቀመጣሉ፤ ያጎርሱኛል፤ እስኪወስደኝ እጄን ይዘው ይጠብቃሉ” አሉኝ። ምን ልበላቸው? ለልጆቹ ብናገር ያፍሩባቸዋል። እውነተኛውን ጠርሙስ ሽርጤ ውስጥ ደበቅሁ። ትሪው ላይ የማይጎዳ መራራ ውሃ አስቀመጥኩ። እያንዳንዱ መጥቶ መራራ ውሃ ይሰጣቸዋል፤ ከረሜላ ያጎርሳቸዋል፤ ደስ ብሏቸው ይተኛሉ።»

«ከዚያስ?» አለ ሾፌሩ።

«ከዚያ ጸሎቴ ከበደኝ። ቆሜ አፌን ስከፍት “አንቺ ውሸታም” የሚለኝ ይመስለኛል። ሰው አምኖኝ እናቱን ሰጥቶኝ፣ በየቀኑ ሳታልለው። ቅዳሜ ዕለት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። “ገደልሽኝ! ልጆቼ ውሃ ነው እንዴ ሲያጠጡኝ የከረሙት?” ብለው ጮኹ። ከነገ ጀምሮ እውነተኛውን ነው የማስቀምጠው፤ እባክዎ መስፈሪያዋን እንዳይነኩ አልኳቸው። ሣቁብኝ። “አታስፈራሪኝ” አሉ። ያን ያህል ጊዜ ዋሽቼ እውነት ስናገር እንዴት ይመኑኝ?» ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሣች። «ውሸቴ ያኖራቸው ነበር። እውነቴ ገደላቸው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»



«እውነቱን ለእኛ ነበር መንገር» አለ ሾፌሩ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

«አዎ። ለእናንተ ነበር መንገር። ለእሳቸው ብቻ ነገርኩ። አሁን ሳስበው ነው የሚታየኝ።» እንባዋን ጠረገችና ወደ እሱ ተጠጋች። «አንተ ግን ዝም በል፣ ልጄ። እማማ አስምለውህም ይሆናል፤ መሐላህን ጠብቅ። አንተ መንገድ ላይ የምትውል ሰው ነህ፤ እናቴን በእጄ እያሉ መሪ መያዝ ይከብዳል። እኔ አሮጊት ነኝ። የትም ብቀመጥ ያው ነው።»

ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ቁመት ያለው ሰውዬ።

«ምን ብላ እንዳስማለችኝ ያውቃሉ?» አለ። «እንደ ሌሎቹ ነው። “ለማንም እንዳትናገር፤ ከሰሙ ያባርሯታል፤ እሷ ከሄደች እኔ ሰው የለኝም” ነው ያለችኝ። ስለ እርስዎ ብላ ነው ያስማለችኝ።»

አስታማሚዋ አፏን በመዳፏ ከደነች። «የእኔን ወረቀት እንኳ አያስቀምጡም ነበር» አለች ለራሷ ያህል።

«እርስዎን መጠበቅ አያስፈልጋትማ። እርስዎ እኮ አይቀሩም።»

ከውጭ የሰው ኮቴ አለፈ፤ ሩቅ ሄዶ ጠፋ። ሾፌሩ መዳፎቹን ከፍቶ ሲያያቸው ቆየ። ኢንስፔክተሩ ሊናገር የሚችላቸው ነገሮች ነበሩ፤ ሕጉ አሳብን ከአጋጣሚ እንደሚለይ፣ ዓቃቤ ሕጉ ነገሩን ቢሰማ እንደ ግድያ እንደማያየው። አንዱንም አልተናገረም። ለዚህ ሰው የከበደው ፍርድ የሕግ አልነበረም። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አጭር ጸሎት አደረሰ፤ ሾፌሩ ይናገር ብሎ ይሁን ዝም ይበል ብሎ፣ ራሱም በውል አያውቀውም።

«ቃሏን ብሰብር ታዝንብኛለች?» አለ ሾፌሩ።

ወደ አስታማሚዋ ቀና ብሎ አየ።

«ብጠብቀውስ እትዬን በእሷ ስም አሳስሬ መሄዴ ነው።» በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። «የትኛውም ልክ አልመጣልኝም። ሁለቱም ያቃጥላል።»

«አዎ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ያቃጥላል።»

ሾፌሩ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ። አስታማሚዋ «ተው፣ ልጄ» ብላ ክንዱን ያዘችው። እጇን በገዛ እጁ ሸፈነው፤ አላራገፈውም።

«እሺ» አለ ወደ ሳጅኗ ዞሮ። «እናገራለሁ፤ ጻፊ። ግን ብቻዬን አይደለም። እህቴንና ወንድሜን ጥሪልኝ፤ አጠገቤ ተቀምጠው ይስሙኝ።»